አማርኛ ግዴታውን አነሣልኝ፣ ክሬዲቱን ያመጣው ግን ፈረንሳይኛ ነው

«አማርኛ መቻልህን የሚጠራጠር ሰው አለ እንዴ?» አለኝ አባቴ በስልክ። መሐል ሜዳ ከተማርኩበት ትምህርት ቤት ትራንስክሪፕት እንዲያወጣልኝ ለምኜው ነበር።

አሜሪካ የምማርበት ዩኒቨርሲቲ ለመመረቅ 120 ክሬዲት ይጠይቃል። ከዚህም ሌላ የሦስት ሴሚስተር የውጭ ቋንቋ ግዴታ አለ። የአፍ መፍቻ ቋንቋው እንግሊዝኛ ያልሆነ ተማሪ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ቋንቋውን መማሩን በሰነድ ካሳየ ግን ግዴታው ይነሣለታል። እኛ ዘንድ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የሚያስተምሩት በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ማስረጃዬ «አማርኛ» ከሚለው የትምህርት ዓይነት ጎን የተጻፈው ውጤት ብቻ ነበር።

አባቴ በሐምሌ ጭጋግ ባናውን ደርቦ ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ አወጣልኝ። ኤንቨሎፑ ሲደርሰኝ ማኅተሙ በደንብ መታየቱን ላረጋግጥ ብዬ ከፈትኩት። የዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር የተከፈተ አልቀበልም አለ። ያ ሽማግሌ በእኔ ችኮላ ያንኑ መንገድ ደግሞ መሄዱ እስካሁን ይቆረቁረኛል።

ግዴታው ተነሣ። እኔም በየሴሚስተሩ አራት፣ በድምሩ 12 ክሬዲት አገኘሁ ብዬ ደብተሬ ላይ ደመርኩ። ሦስተኛ ዓመት ላይ የክሬዲት ዝርዝሬን ሳይ በቋንቋው ረድፍ «ተሟልቷል» ይላል፤ ከጎኑ ያለው ቁጥር ዜሮ ነው። ለካ ግዴታ መነሣትና ክሬዲት ማግኘት የተለያዩ ነገሮች ናቸው! ለአፍ መፍቻ ቋንቋ ደግሞ ክሬዲት አይሰጡም። ይህ ሕግ ዛሬም ልክ አይመስለኝም፤ አማርኛን ጽፌበታለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ።

ያዳነኝ ቪዛ ስጠብቅ አዲስ አበባ አሊያንስ በሚባለው የፈረንሳይኛ ማስተማሪያ ተቋም የተማርኩት ፈረንሳይኛ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከየትኛው ኮርስ እንደምትጀምር ለመለየት በሚሰጠው የምደባ ፈተና ሦስተኛው ሴሚስተር ላይ ተመደብኩ። ፈተናው ብቻውን ክሬዲት አያስገኝም፤ የተመደበበትን ኮርስ «ቢ» ወይም ከዚያ በላይ ውጤት አምጥቶ ያለፈ ግን የዘለላቸው ኮርሶች ክሬዲት ወደኋላ ይታሰብለታል። ኮርሱ አራት፣ የተዘለሉት ስምንት፣ የጎደለኝ 12 ሞላ። ቀላል ነጥብ ላግኝ ብዬ ከመጀመሪያው ኮርስ ብጀምር ኖሮ ስምንቱን አላገኛቸውም ነበር፤ ወደኋላ የሚታሰበው በዩኒቨርሲቲው የቋንቋው የመጀመሪያ ኮርስህ ያ የተመደብክበት ሲሆን ብቻ ነውና። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የጊዜ ገደብም አላቸው፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት መጠየቅ ይሻላል፤ መልሱንም በጽሑፍ መቀበል።

ዘንድሮ የአጎቴ ልጅ ከደብረ ብርሃን ሊሄድ እየተሰናዳ ነው። አረብኛ ይሞካክራል። የምደባ ፈተናውን ሳትወስድ ለአንድም የቋንቋ ኮርስ እንዳትመዘገብ ብዬዋለሁ። ትራንስክሪፕቱን ከትምህርት ቤቱ በሁለት ኤንቨሎፕ አሳሽጌ ሰጥቼዋለሁ፤ በአንዱ ላይ አባቴ በእጁ «እንዳይከፈት» ብሎ ጽፎበታል።