ሻርፕ ለብርድ ነው እንጂ ለኮንክሪት አይሆንም!

ትናንት አዘዞ የሆነ ሳይት ሄጄ ነበር፣ ሶሌታ (የፎቁ ኮንክሪት ወለል) ላይ የቧንቧ መስመር እየቆረጡ። ገና ከባጃጅ ሳልወርድ ነው ያየሁት፣ ፎቁ እንዳለ በነጭ ዱቄት ታፍኗል። ቆራጩ ልጅ ቅንድቡ ሳይቀር ሸብቷል፣ አፉ ላይ ሻርፕ ጠምጥሟል፣ በቃ። ከኮንክሪት የሚወጣው ሲሊካ የሚባለው አቧራ እኮ ዓይን ከሚያየው በላይ የደቀቀ ስለሆነ በጨርቁ አልፎ ሳንባ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ ሲሊኮሲስ የሚባለው በሽታ ደግሞ አንዴ ከያዘ የሚያድነው መድኃኒት የለም፣ ብዙ ጊዜ የሚታወቅህም ከዓመታት በኋላ ነው። ቢያንስ ኤን95 ማስክ አድርጉ፣ ከተቻለ ውሃ እየረጨ የሚቆርጠውን የቤንዚን መቁረጫ ተከራዩ። ተራው የኤሌክትሪክ ግራይንደር ላይ ግን ውሃ እንዳታፈሱ፣ ከአቧራው ስትሸሹ ከረንት ይጨርሳችኋል።

የባሰው ዲስኩ ነበር። ትንሿ ግራይንደር ላይ መከላከያ ቆቧን ፈተው 7 ኢንች ዲስክ አስረውባታል፣ "ጠልቆ እንዲቆርጥ ነው" አለኝ ልጁ። እስቲ አጥፋና አሳየኝ አልኩት። ዲስኩ ላይ 8,500 ይላል፣ ማሽኗ ላይ 11,000፣ ማለት ዲስኩ በደቂቃ ከሚችለው ዙር በላይ ነው የሚሽከረከረው፣ ቢፈነዳ ስባሪውን የሚይዝለት ቆብ እንኳ የለም።

እኔ ራሴ ድሮ ማራኪ ሰፈር ስሰራ ዲስኩ ቁርጡ ውስጥ ተነክሶ ግራይንደሯ ወደኋላ መታችኝ፣ ጠባሳው አሁንም ክንዴ ላይ አለ፣ ከዲስኩ መስመር ትንሽ ገለል ብዬ ባልቆም አንገቴን ነበር።

ልጁ ዲስኩን ፈታው። ፎርማኑ ግን "ስራ አታስፈታብን" ብሎ ገላመጠኝ።