የቃለ መጠይቁ የመጨረሻ ጥያቄ የአመልካቹ ነው

ኮምቦልቻ ባለ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ ፈላጊዎችን ከሚመርጡት የኮሚቴ አባላት አንዱ ሆኜ ሠርቻለሁ። ከደሴም ከኮምቦልቻም የሚመጡት፣ ብዙዎቹም ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የተመረቁት ወጣቶች፣ እንጠየቃለን ብለው ያሰቡትን ሁሉ አጥንተው ይቀርባሉ፤ በመጨረሻ «አንተስ የምትጠይቀን አለ?» ሲባሉ ግን አብዛኞቹ «የለኝም፣ አመሰግናለሁ» ብለው ይነሣሉ። ይህ ዝምታ ከይሉኝታ የሚመጣ ይመስለኛል፤ ታላቅን መልሶ መጠየቅ ድፍረት ነው እየተባለ ያደገ ልጅ ነገ አለቃው የሚሆነውን ሰው መጠየቅ ቢከብደው አይፈረድበትም። እኔ ግን በትሕትና የቀረበ ጥያቄ አመልካችን ሲጎዳ አላየሁም።

ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ስለ ሙከራ ጊዜ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መስፈር አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀናትም መብለጥ የለበትም። በሳምንት 6 ቀን በሚሠራ ፋብሪካ ይህ 10 ሳምንት ያህል ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ለሥራው ብቁ ሆኖ ያልተገኘ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ሊሰናበት ስለሚችል፣ «በሙከራ ጊዜዬ ሥራዬ የሚመዘነው በምን ነው? የሚመዝነኝስ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያነሣ ሰው ሥራ ለመቀጠር ብቻ ሳይሆን ሥራውን ለመሥራት እንደ መጣ ያሳያል። እኛ ኮሚቴዎች ተያይተን መልስ ያጣን እንደ ሆነም አመልካቹ ስለሚገባበት ቤት አንድ ቁም ነገር አወቀ ማለት ነው።

«ቦታው አዲስ ነው ወይስ በለቀቀ ሰው ምትክ ነው?» የሚለውም ብዙ ይገልጣል። «ድርጅታችሁ ምን ያመርታል?» ማለት ግን ባይነሣ ይሻላል፤ በሩ ላይ ተጽፏል።

ደሴ የሚኖር አመልካች በተለይ ስለ ፈረቃና ስለ ሰርቪስ ሳይጠይቅ መውጣት የለበትም። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ማታ ከሥራ ወጥቶ መውጣትና ቀን በታክሲ መመላለስ አንድ አይደሉም። ስለዚህ ሰርቪሱ ደሴ ድረስ ይደርስ እንደ ሆነ፣ የሌሊት ፈረቃ በስንት ጊዜ እንደሚደርስ፣ ትርፍ ሰዓትስ ይበዛ እንደ ሆነ በግልጽ ይጠየቅ፤ አዋጁ ትርፍ ሰዓትን በቀን በ4፣ በሳምንት በ12 ሰዓት ይገድባል።

ደመወዝን መጠየቅ ነውር ባይሆንም የሥራው ጉዳይ ካለቀ በኋላ ቢመጣ እመርጣለሁ። የተነገረው ገንዘብ ያልተጣራ ከሆነ የሥራ ግብር እና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ እንደሚቀነስበት ማስታወስ ይገባል። ከመነሣት በፊትም ውጤቱ መቼ እንደሚታወቅ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ ወይም በስልክ ይነገር እንደ ሆነ መጠየቅ፣ ከደሴ በየቀኑ እየወረዱ ሰሌዳ ከማየት ያድናል።