20 እጥፍ የሚሠራው ገንዘብ

ደብረ ማርቆስ ቤቴ ቁጭ ብዬ ውጭ አገር ላለ ትንሽ ድርጅት እሠራለሁ። ሥራዬ ዩኒስዋፕ በሚባለው የዲጂታል ገንዘብ መመንዘሪያ ላይ ያስቀመጡትን ገንዘብ መከታተል ነው። ኢቴሬም የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ ከዶላር ጋር በተቆራኘው ዩኤስዲሲ ለሚመነዝሩ ሰዎች ሁለቱንም እናቀርባለን፤ ከእያንዳንዱ ምንዛሪ ኮሚሽን እናገኛለን።

ድሮ ይህ ገንዘብ ከዜሮ ጀምሮ ማለቂያ እስከሌለው ዋጋ ድረስ ይበተን ነበር። ዋጋው እዚያ ሁሉ ስለማይደርስ አብዛኛው ሥራ ፈት ነበር። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. የዩኒስዋፕ ሦስተኛው ቨርዥን ሲወጣ ግን የዋጋ ክልል መርጦ እዚያ ብቻ ማስቀመጥ ተቻለ። እኔ ይህን ነገር በጣም ነበር የወደድኩት። ኢቴሬም 2,000 ዶላር አካባቢ እያለ ከ1,800 እስከ 2,200 ብቻ ቢቀመጥ፣ ያው ገንዘብ 20 እጥፍ ያህል ይሠራል። ስሌቱን ለአለቃዬ አሳየሁት። «በእጃችን የሚቀር ገንዘብ አይኑር፤ ሁሉንም እናስገባ» አልኩት። ተስማማ።

ሁለት ሳምንት ኮሚሽኑ ጥሩ ገባ። አንድ ማታ መብራት ጠፋ፤ ኔትወርኩም አብሮ ሄደ። ጠዋት ስከፍት ዋጋው ከ1,800 በታች ወርዷል። ኮሚሽኑ ቆሟል። ዶላራችን በሙሉ ኢቴሬም ሆኗል።

ብዙ ሰው ይህን ልብ አይለውም። ዋጋ ሲወርድ ሰው ሁሉ ኢቴሬሙን አምጥቶ ዶላርህን ይወስዳል። እኛም ሳናስበው በአማካይ በ1,897 ዶላር ስንገዛ አድረናል። ክልሉን ዝቅ ላድርገው ብል ከኢቴሬሙ ከፊሉን በርካሽ መሸጥ አለብኝ። ዝም ብል ገንዘቡ ያለ ሥራ ይቆማል። በእጃችን ትንሽ ዶላር ቢኖር ዝቅ ባለው ዋጋ ሌላ ክልል እከፍት ነበር።

አከራዬ የጤፍ ነጋዴ ናቸው። ፊቴን አይተው «ምነው ልጄ፣ ምን ሆንክ?» አሉኝ። እንደምንም አስረዳኋቸው።

«እኔ እኮ ቢቸና ስወርድ ብሬን በጠዋት አልጨርስም» አሉ። «ገበሬው ወደ ቤቱ ሊመለስ ሲል ዋጋ ይቀንሳል። ያን ጊዜ ባዶ እጄን ብቆም ምን ይውጠኛል?»

ያን ቀን ጥፋቱ የኔ መሆኑን ለአለቃዬ ጻፍኩ። አሁን ከገንዘቡ ሲሶው ሳይነካ ይቀመጣል። በሪፖርቱም ላይ ከእጥፉ ቁጥር አጠገብ ገንዘቡ በክልሉ ውስጥ የቆየበትን ሰዓት እጽፋለሁ፤ ግማሹን ጊዜ ውጭ ካደረ 20ው እጥፍ 10 ነውና። አለቃዬም ሪፖርቱን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው ሰዓቱን ሆኗል።