ኮረብታ ላይ ድራገን ፍሩት ለምትተክሉ፦ ውሃውን አስወጡት

ከባሕር ዳር ወደ ጢስ አባይ በሚወስደው መንገድ፣ ኮረብታ ወገብ ላይ ድራገን ፍሩት አለማለሁ፤ ፍሬው የሚበላ፣ ምሰሶ ላይ የሚወጣ ቁልቋል ነው። የማለማው ለጌጥ አይደለም፣ ለገበያ ነው።

ተከላው ቀላል ነው። ቁልቋል ስለሆነ ከግንዱ ትቆርጣላችሁ፤ የተቆረጠበት ጫፍ እስኪደርቅ ጥላ ውስጥ ታቆያላችሁ፤ ከዚያ በየምሰሶው ዙሪያ 3 ወይም 4 ትተክላላችሁ። ምሰሶው ኮንክሪት ይሁን። ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው፣ ግን ምስጥ ይበላዋል።

እኔን ያንገበገበኝ እርከኑ ነው።

የመጣው የግብርና ባለሙያ ትሁት ልጅ ነው። ግን መመሪያው ላይ ሙጭጭ አለ። እርከኑ ደልደል ብሎ፣ ጫፍና ጫፉ ተደፍኖ ውሃ ይያዝ አለ። «ልጄ፣ ይህ እኮ ቁልቋል ነው፤ ውሃ ሥሩ ላይ ከተኛ ይበሰብሳል» አልኩት። «ጋሼ፣ ውሃ ካላቆረ ምኑን እርከን ሆነ? ሪፖርት ላይም አይያዝልኝም» አለኝ። ለካ ጉዳዩ ሪፖርቱ ነው! ውሃ ማቆር ዝናብ ለሚያጥረው አገር ደግ ነው። እኛ ጋ ክረምት ሰማዩ ተቀዶ ነው የሚከርመው።

ሐምሌ ላይ ውሃው እርከኑ ውስጥ ተኛ። ግንዱ ከሥሩ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ በጣት ሲነኩት እንደ በሰበሰ ሙዝ ሟሸሸ። ላዩ ግን አረንጓዴ ነው። ይህ ተክል ግንዱ ላይም ሥር ስለሚያወጣ ከታች ሞቶ ከላይ ይሰነብታል። ባለሙያው ላዩን አይቶ «ደህና ነው» ብሎ መዝግቦ ሄደ። ነሐሴ ላይ የታችኞቹ ረድፎች አለቁ። ስደውልለት ሥልጠና ላይ ነኝ አለ። ካሳማ ማን ሊያነሳ!

ዶማ ይዤ የእርከኖቹን ጫፍ ከፈትኩ። ውሃው ሣር ወዳለበት ቦይ በቀስታ እንዲወርድ ትንሽ ተዳፋት ሰጠሁት። አፈሩን ከፍግና ከአሸዋ ቀላቅዬ ከመሬት ከፍ አድርጌ ቆለልኩ፣ ቁልሉ ላይ ተከልኩ። ችግኝ ዳግም አልገዛሁም፤ ከሞቱት ላይ ጤነኛውን ቅርንጫፍ እየቆረጥኩ ነው ያባዛሁት። በዚህ እኮራለሁ። መመሪያ ጥሰሃል ተባልኩ። አዎ፣ ጥሻለሁ። ዘንድሮም እጥሳለሁ።

አበባው የሚፈካው ለአንድ ሌሊት ብቻ ነው። በራሱ የአበባ ዱቄት የማያፈራ ዝርያ ስላለ፣ የተለያየ ዝርያ ደባልቁ፤ ማታ ባትሪ ይዛችሁ በብሩሽ አዳቅሉ። ፍሬው በወር ገደማ ይደርሳል። እንደ ማንጎ ጥሬውን ቆርጣችሁ ቤት ይብሰል አትበሉ፤ ከተቆረጠ በኋላ አይጣፍጥም። ነጋዴው ቶሎ ቁረጥ እያለ ይጨቀጭቃችኋል። ይጨቅጭቅ።