ገጽ አትዝለዪብኝ

«ገጽ ዘለልሽ» አሉኝ፣ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ።

አልዘለልኩም ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ዘልያለሁ፤ ያውም አንድ ሳይሆን ሦስት ገጽ። ወንበር ላይ የታሰረ ሰው የራስ ቅሉ እንደ ድስት ክዳን ተነሥቶ፣ እሱ ራሱ እያወራ፣ ከአንጎሉ በስሱ እየተቆረጠ በቅቤ ሲጠበስ የሚተርከውን ክፍል እራታቸውን ገና በልተው ላበቁ ሦስት አረጋውያን ጮክ ብዬ ማንበብ አልሆነልኝም።

«አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውም» ብለው ቀጠሉ። «የሚያመው የራስ ቆዳው ነው። እሱን ካደነዘዙት ሰውየው ማውራት ይችላል። እኔ በሽተኛው ነቅቶ እያወራ አንጎሉ ሲቀደድ አጠገቡ ቆሜያለሁ። ጸሐፊው እዚህ ላይ አልዋሸም። ተመለሽና ከመጀመሪያው አንብቢ።»

ተመልሼ አነበብኩ።

የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት። አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ፣ ከአልጋ ወደ ዊልቸር፣ ከዊልቸር ወደ አልጋ አዘዋውራለሁ። እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ በእንግሊዝኛ የማነበው የመድኃኒት መመሪያና የባንክ ደብዳቤ ብቻ ነበር። ልቦለድ ያስጀመሩኝ እኚህ የ88 ዓመት ጡረተኛ የቀዶ ሕክምና ነርስ ናቸው። የዓይናቸው ብርሃን ከመሐል ጠፍቶ ዳር ዳሩ ብቻ ቀርቷል፤ ፊትዎን ለማየት ጎንዎን ነው የሚያዩት። ከእራት በኋላ ያለችኝን 15 ደቂቃ ያውቃሉና አንድ ምሽት ከመደርደሪያቸው ወፍራም መጽሐፍ አስወርደው «ይህን» አሉኝ። በ1999 ገዝተው በራሳቸው ዓይን አንብበውት ነበር። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

መጽሐፉ የቶማስ ሃሪስ «ሃኒባል» ነው። ልታነቡት ያሰባችሁ ካላችሁ እዚህ ላይ አቁሙ፤ ምንም አልደብቅም። ሐኪምም ሰው በላም ስለሆነው ስለ ዶክተር ሃኒባል ሌክተር ደራሲው ቀደም ብሎ በ1981 «ቀዩ ዘንዶ»ን፣ በ1988 «የጠቦቶቹ ዝምታ»ን ጽፏል። ሁለተኛው በ1991 ፊልም ሆኖ አምስቱን ዋና ዋና የኦስካር ሽልማቶች ጠራርጎ ወስዷል። ከሁለተኛው መጽሐፍ በኋላ አንባቢ ቀጣዩን 11 ዓመት ጠበቀ። ሲመጣለት ለሁለት ተከፈለ፤ ደራሲው ስቲቨን ኪንግ ጋዜጣ ላይ ሲያወድሰው ሌላው ደራሲ ማርቲን ኤሚስ አብጠልጥሎ ጣለው። ያ ጠብ ከስንት ዓመት በኋላ በእኛ ሳሎን ጥግ፣ በሦስት አረጋውያንና በአንዲት ስደተኛ መካከል እንደ አዲስ ተነሣ።

ሁለተኛዋ አድማጭ ጡረተኛ መምህርት ናቸው። አነባበቤን የሚያርሙ እሳቸው ናቸው። ፍሎረንስ ያለውን ትልቁን ቤተ መንግሥት «ፓላዞ ቬቺዮ» ብዬ ሳነብ በእጃቸው አስቆሙኝና «ቬኪዮ» አሉ፤ በዚያው ሕንፃ ላይ ፓዚ የሚባለው መርማሪ አንጀቱ ተዘርግፎ ሊሰቀል ሁለት ገጽ ሲቀረው ነው እርማቱ የመጣው። ከዚያም ከዚሁ ሕንፃ ላይ በ1478 በከተማዋ ገዥዎች በሜዲቺዎች ላይ ያደመ አንድ ፓዚ በእውነት እንደተሰቀለ አስረዱን። አሁን ሰቅጣጩን ቦታ ሳነብ ድምፄ የሚንቀጠቀጠው ከፍርሃት ይሁን ከስሞቹ አላውቅም።

ሦስተኛው ዕድሜያቸውን አሳማ ሲያረቡ የኖሩ አዛውንት ነበሩ። በመጽሐፉ ውስጥ ሜሰን ቨርገር የሚባል ባለጠጋ፣ ሌክተርን ለመበቀል ሰው የሚበሉ አሳማዎች ሰርዲኒያ ውስጥ አስረብቶ ወደ ሜሪላንድ ያስመጣል። አዛውንቱ ይህን ሲሰሙ አልሰቀጠጣቸውም፤ ተናደዱ እንጂ። «አሳማ ሰው እንዲበላ ሥልጠና አያስፈልገውም፤ መራብ ብቻ ነው የሚያስፈልገው» አሉ። ዶክተሩ ስላልፈራ አሳማዎቹ ሳይነኩት አለፉ የሚለው ቦታ ላይ ስንደርስ ደግሞ ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠና ውኃ ማምጣት ነበረብኝ።

ነርሷ ግን ዓይናቸው ሜሰን ላይ ነበር። ይህ ሰው የአልጋ ቁራኛ ነው። የፊቱ ቆዳ ተገፍፏል፤ የዓይን ቆብ ስለሌለው አንድ ዓይኑን መሣሪያ ያረጥብለታል፤ የሚተነፍሰው በማሽን ነው። ሌላው አንባቢ እዚህ ላይ ፊቱን ያዞራል። እሳቸው «በየሁለት ሰዓቱ ማነው የሚያገላብጠው?» ብለው ጠየቁ። እኔም ሳላስበው ተመሳሳዩን እያሰብኩ ነበር። ያን ያህል ዓመት ተኝቶ ቆስሎ አለመሞቱ ተረኞቹ ጎበዞች መሆናቸውን ያሳያል። ከተረኞቹ አንዱ ደግሞ፣ በኋላ የተቀጠረው ባርኒ ነው።

ስለ ባርኒ ከማውራቴ በፊት ግን ጠቡን ልንገራችሁ። መምህርቷ ይህን መጽሐፍ ይቅር የማይሉት በክላሪስ ስታርሊንግ ምክንያት ነው። ክላሪስ የኤፍቢአይ መርማሪ ናት፤ በፊተኛው መጽሐፍ ገና ተማሪ ሳለች ከሌክተር ጋር በብረት ፍርግርግና በመረብ ተለያይታ በአንደበት የተዋጋችው ናት። በዚህኛው መጨረሻ፣ ዶክተሩ በመድኃኒት አደንዝዟት፣ ያንን የአንጎል እራት አብራው ትበላለች፤ ከዚያም አብራው አገር ጥላ ትሄዳለች። «ያቺን ልጅ 11 ዓመት ሙሉ አከበርኳት፤ እሱ መጥቶ አበላብኝ» ይላሉ መምህርቷ። «አበላብኝ» የሚለው የእኔ አማርኛ ነው፤ የእሳቸው ቃል ከዚያ የከፋ ነበር። ነርሷ በበኩላቸው ክላሪስ በፈቃዷ ነው የሄደችው፣ መሥሪያ ቤቷ ስም አጥፍቶ ከጣላት በኋላ ምን ቀራት ብለው ይሟገታሉ። መምህርቷ የ2001ዱን ፊልም እንደ ፍርድ ቤት ማስረጃ ይጠቅሳሉ፦ ጆዲ ፎስተር ወደ ሚናዋ አልተመለሰችም፣ በጁሊያን ሙር ተተካች፤ ፊልሙም የመጽሐፉን መጨረሻ አልደፈረም። እዚያ ክላሪስ የዶክተሩን እጅ ከእጇ ጋር በካቴና ትቆልፋለች፤ እሱም የእሷን ትቶ የራሱን እጅ ይቆርጣል።

ሌላም ቅሬታ አላቸው። በፊተኛው መጽሐፍ ሌክተር እንዲህ ያደረገህ ምንድን ነው ሲሉት ያፌዛል፤ በምንም የማይገለጥ ሰው ነው። በዚህኛው ግን ምክንያት ተሰጠው፦ በ1944 ሊትዌኒያ ውስጥ፣ በጦርነቱ ክረምት፣ የተራቡ ወታደሮች ታናሽ እህቱን በሉበት። «በፊት ያስፈራኝ ነበር። አሁን አሳዘነኝ። ይህን አልፈልግም ነበር» አሉ። ዝም ብዬ ሰማኋቸው። እኔም እዚህ አገር ስገባ ለምን እንደመጣሁ ከነቀኑ፣ ሳይዛነፍ፣ ለአንድ መኮንን ተናግሬያለሁ። አስተርጓሚው መልሶ ሲያነብልኝ ቃል አልጎደለም፤ ግን የሌላ ሰው፣ ያውም የጠበበ ሰው ታሪክ ይመስል ነበር። ሌክተርም ከዚያ የምሥክርነት ክፍል የወጣ መሰለኝ። ይህን አልተናገርኩም፤ 15 ደቂቃዬ አልቆ ነበር።

ወደ ባርኒ ልመለስ። ባርኒ በባልቲሞሩ የእብዶች ሆስፒታል ሌክተርን ይጠብቅ የነበረ ግዙፍ አስታማሚ ነው። ከሁሉም ጠባቂ ያተረፈው ሁለት ነገር ነው፤ አንድ ቀን ሳይዘናጋ ደንቡን ይጠብቃል፣ አንድ ቀንም ሰውየውን አያዋርድም። ሌክተር ካመለጠ በኋላ ሌላው በፍርሃት ሲርድ ባርኒ የተቀበለው ጠቀም ያለ ጉርሻና የምስጋና ደብዳቤ ነው። ይህን ቦታ ሳነብ ሥራ የጀመርኩበት ሳምንት ትዝ አለኝ፦ በር አንኳኪ፣ ስምሽን ተናገሪ፣ ከመንካትሽ በፊት ምን ልታደርጊ እንደሆነ ንገሪያቸው። ስለ ገዳዩ ብዙ ተጽፏል፣ ስለ ክላሪስም። ስለ ተረኛው ግን አንድ ሰው ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም።

ታዲያ በዚህ ቀጣይ መጽሐፍ ባርኒ ምን ሲያደርግ አገኘነው? የሌክተርን ዕቃዎች በድብቅ ለሰብሳቢዎች ሲሸጥ! መጽሐፉን ዘጋሁት። ያን ቀን አንጎል ቢጠበስ ግድ አልነበረኝም። እኛ ከሥራችን እንዳንባረር አንድ ካራሜላ እንኳ ከነዋሪ አንቀበልም፤ እሱ የሚያስታምመውን ሰው ዕቃ ይሸጣል። መምህርቷ በክላሪስ የተቃጠሉትን ያህል እኔ በባርኒ ተቃጠልኩ።

ነርሷ ራሳቸውን ወደ ጎን አድርገው አዩኝ። «ደመወዙ ስንት እንደነበር ጸሐፊው ይናገራል?» አሉ።

«አይናገርም።»

«አየሽ። እሱን ነው የዘለለው» አሉ።

መልስ አልነበረኝም። በዚያ ወር ሁለት ፈረቃ ደርቤ እየሠራሁ ነበር።

በሻይ ሰዓት ደግሞ ሌላ አድማጭ አለችኝ፤ በሌላኛው ክንፍ የምትሠራ የአገሬ ልጅ። መጀመሪያ ስነግራት በስመ አብ ብላ አማተበችና «መዝሙረ ዳዊት አታነቢላቸውም?» አለችኝ። በማግስቱ ግን «ያ ሰውዬ እንዴት ሆነ?» ብላ የጠየቀችው እሷ ናት። እናም በየቀኑ ያነበብኩትን በአማርኛ እተርክላት ጀመር። ችግሩ የመጣው እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝኛው ለሁሉም አንድ ቃል አለው፤ ንጉሥም ውሻም በዚያው ይጠራሉ። በአማርኛ ግን ዶክተሩ አፉን በከፈተ ቁጥር መምረጥ አለብኝ፤ ክላሪስን አንቺ ይላታል ወይስ እርስዎ? ገዳይ ነውና አንቺ ይበላት ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ወዲያው መንገደኛ ወንበዴ ሆነብኝ። ይህ ሰው ባለጌ የሚጸየፍ፣ በትሕትናው የሚያስፈራ ነው። ስለዚህ እርስዎ አስባልኩት። ባርኒም ለእሱ፣ እሱም ለባርኒ፣ እርስዎ። አንተ የሚል ቢኖር ሜሰን ብቻ ነው፤ እሱ ለሁሉም አንተ ይላል።

ባልደረባዬ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «እርስዎ እያለ ነው የሚበላቸው?» አለች። ከአንጎሉ ጥብስ ሁሉ ያስደነገጣት ይህ ነበር።

አሳማ አርቢው አዛውንት የእራቱን ምዕራፍ ሰምተው፣ ጥቂት ገጾች ሲቀሩን፣ አረፉ። ሌሊት ነው፤ በእኔ ፈረቃ አይደለም። አንድ ሳምንት አላነበብንም። በስምንተኛው ቀን ነርሷ መጽሐፉን ጭናቸው ላይ አድርገው ጠበቁኝ። ስጨርስ ሁለቱ የተጣሉት አዛውንቱ ቢኖሩ ከማን ወገን ይቆሙ ነበር በሚለው ነው። መምህርቷ ከእኔ ጋር ሲሉ ነርሷ «እሳቸው ከአሳማዎቹ ወገን ናቸው» አሉ፤ ሁለቱም ሳቁ።

መጨረሻው እንዲህ ነው። ባርኒ በዓለም ያሉትን የቬርሜር ሥዕሎች ሁሉ ሳያይ ላይሞት ቆርጧል፤ በጠቅላላው ከ40 የማይበልጡ ናቸው። አንዱን ፍለጋ ቦነስ አይረስ ይሄዳል። እዚያ ቴአትሮ ኮሎን ኦፔራ ቤት ውስጥ ቀና ሲል፣ ሰገነት ላይ፣ ሌክተርንና ክላሪስን በክብር ለብሰው ጎን ለጎን ተቀምጠው ያያቸዋል። ሥዕሉን ሳያይ ከተማዋን ለቆ ይሄዳል። እኔ ያዘንኩት ለዚህች ሥዕል ነው፤ ማንም አልተጋራኝም።

ነርሷ መጽሐፉን «ውሰጂው» አሉኝ። አይፈቀድልንም አልኳቸው። «ባርኒ ቢሆን ወስዶ ይሸጠው ነበር» አሉ። ወደ መደርደሪያው መለስኩት። እስከ አሁን አልፎ አልፎ የእራቱን ምዕራፍ ድገሚልኝ ይሉኛል፤ በሩን ዘግቼ፣ ሳልዘል እደግምላቸዋለሁ።

መጽሐፉን በጨረስንበት ምሽት በሻይ ሰዓት ባልደረባዬ ቀድማ ወንበር ይዛ ጠበቀችኝ። ሰገነቱን፣ ልብሱን፣ የባርኒን ሽሽት ነገርኳት። ለእሷ ግን የሚቀር አንድ ጥያቄ ነበር።

«አሁንም እርስዎ ይላታል?»

አሰብኩበት። አንድ ቤት ይኖራሉ፣ አንድ አልጋ።

«አንቺ ይላታል» አልኳት።

«እሷስ?»

«እሷም አንተ።»

ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሥታ ወደ ክንፏ ሄደች።