የነፍስ አድን ጀልባ ሥልጠናዬ፦ እስካሁን የያዝኩት

በባሕር ዳርቻ ከሚሠሩ የነፍስ አድን በጎ ፈቃደኞች ጋር ሥልጠና ላይ ነኝ። የመጀመሪያው ዙር ስላለቀ የያዝኩትን ላካፍላችሁ። ለመግባት እያሰባችሁ ላላችሁ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉም በላይ አእምሮዬ ውስጥ የቀረው 1-10-1 የሚባለው ስሌት ነው። ሰው በጣም ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲወድቅ ለ1 ደቂቃ ያህል ትንፋሹ ከቁጥጥሩ ውጭ ይሆናል። ሳይፈልግ አየር በኃይል ይስባል፤ ፊቱ ውኃ ውስጥ ከሆነ ደግሞ የሚስበው ውኃ ነው። ቀጥሎ 10 ደቂቃ ገደማ እጅና እግሩ ይታዘዙለታል። ከዚያ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፣ ክንዱ ይዝላል። በብርዱ ራሱን እስኪስት ግን 1 ሰዓት ያህል ሊቆይ ይችላል። ልብ በሉ፤ ያቺን 1 ሰዓት የሚያገኛት የሚያንሳፍፈው ነገር ያለው ሰው ነው። ሌላው ብርዱ ሳይጥለው በፊት መዋኘት አቅቶት ይሰምጣል።

ላይፍ ጃኬት (ውኃ ላይ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ) ላይ ድርቅ የምንለው ለዚህ ነው። መቀመጫ ሥር ያለ ጃኬት ማንንም አያድንም። በደነዘዘ ጣት ዘለበት መቆለፍ ከባድ ነው። መልበሱም ብቻ አይበቃም። ገንዳ ውስጥ ስንለማመድ በጭን መሃል የሚያልፈው ማሰሪያ ያልታሰረለት ጃኬት ሽቅብ ወጥቶ የባልደረባችንን አገጭና ጆሮ ሸፈነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ጀልባ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ የማየው ያንን ማሰሪያ ነው።

ከልምምዶቹ የምወደው ከጀልባ የወደቀ ሰው ማውጣትን ነው። ሰው እንደወደቀ አንዱ ጣቱን ይቀስርበታል፣ እስኪወጣ ድረስም ዓይኑን አይነቅልም። ሌላ ሥራ አይሰጠውም። መጀመሪያ ላይ አንድ ሰው ሥራ የፈታ ይመስለኝ ነበር። ማዕበል ውስጥ ግን የሰው ጭንቅላት ለአፍታ ዘወር ካሉ ይጠፋል። ሾፌሩ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ ቀስ ብሎ ይጠጋል፣ አጠገቡ ሲደርስ ፕሮፔለሩ (ጀልባውን የሚገፋው ተሽከርካሪ) እንዳይዞር ያደርጋል። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የቆየን ሰው የምናወጣው ከተቻለ አግድም አጋድመን ነው። ቀጥ አድርገው ሲያነሱት የደም ግፊቱ በድንገት ሊወርድ፣ ልቡም ሊቆም ይችላል። ክብደቱን ደግሞ አትጠይቁኝ፤ ልብሱ ውኃ ሲጠጣ ለሁለት ሰውም ይከብዳል።

ሬዲዮውን ገና እየለመድኩት ነው። የአደጋ ጥሪ በሚተላለፍበት ቻናል 16 ላይ «ሜይዴይ» (የድረሱልን ጥሪ) 3 ጊዜ፣ የጀልባው ስም፣ ያለንበት ቦታ፣ የደረሰው ችግር፣ የሰዎቹ ብዛት። ቦታውን ቶሎ መናገር ወሳኝ ነው። ሬዲዮው ከዚያ በኋላ ቢቋረጥ እንኳ ጥሪውን የሰሙት የት እንደሚመጡ ያውቃሉ። ቤት ውስጥ ለብቻዬ ጮክ ብዬ እለማመደዋለሁ።

ወደብ ላይ የምንሠራውን አቅልላችሁ እንዳታዩት። ባለጀልባዎችን ጃኬታችሁን እንፈትሽላችሁ፣ ስትወጡ የምትመለሱበትን ሰዓት ለአንድ ሰው ንገሩ እንላቸዋለን። ጥሪ ሳይመጣ የሚተርፍ ሰው ቢኖር እዚህ ነው፤ ለእኔ ከጀልባው ሥራ አያንስም።

አሁን የሌሊት ፍለጋ ልንጀምር ነው። ሰውየው መጨረሻ ከታየበት ቦታ ተነስተን፣ እየሰፋ በሚሄድ ካሬ መስመር እየታጠፍን እንፈልጋለን። ወረቀት ላይ ገብቶኛል። ነፋስና ሞገድ ሲገፋ መስመሩን እንዴት እንደምትጠብቁ ልምዱ ያላችሁ ጻፉልኝ።