የዳሌ መገጣጠሚያ ሲቀየር የሴትና የወንድ ልዩነት የት ላይ ነው?

የጭን አጥንት ራስ ዲያሜትር በሴቶች በአማካይ ወደ 43፣ በወንዶች ወደ 49 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ የእርሳስ ውፍረት እንኳ አይሞላም። ሆኖም ሴቶች ከቅየራ በኋላ ከሚገጥማቸው ጣጣ አንዳንዱ የሚጀምረው ከዚችው ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው።

ቀዶ ሐኪሙ የተበላሸውን የአጥንት ራስ ቆርጦ ያወጣና የዳሌውን ጎድጓዳ በክብ መፋቂያ ደረጃ በደረጃ ያሰፋዋል። ከዚያ ከተፋቀው ጉድጓድ በአንድ ወይም በሁለት ሚሊ ሜትር የሚበልጥ የብረት ጽዋ እየተመታ ይገባል። በጽዋው ውስጥ ፖሊኢትሊን ከተባለ ፕላስቲክ የተሠራ ሽፋን ይቀመጣል፤ በሽፋኑ ውስጥ ደግሞ በጭን አጥንት ውስጥ በሚሰካ ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው ኳስ። ሒሳቡን እንሥራው። ጽዋው 48 ሚሊ ሜትር ቢሆን የብረቱ ግድግዳ ከሁለቱም ወገን ተደምሮ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ይወስዳል። ሽፋኑም እንዳይሰነጠቅ የራሱ ውፍረት ያስፈልገዋል። በተረፈው ቦታ ብዙውን ጊዜ የሚገባው ባለ 32፣ አንዳንዴም ባለ 28 ኳስ ነው። ጽዋው 54 ከሆነ ግን ባለ 36 ኳስ በቀላሉ ይገባል። ኳሱ ለመውለቅ መጓዝ ያለበት ርቀት በግምት የዲያሜትሩ ግማሽ ነው፦ ለ28ቱ 14፣ ለ36ቱ 18 ሚሊ ሜትር። ጽዋው ከሚገባው በላይ ቀጥ ብሎ ከተተከለ ይህ ርቀት ይብሱን ያጥራል።

እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ከ35 ሺህ በላይ ቅየራዎችን የተከታተለ ጥናት ወጥቶ ነበር። ከሴቶቹ 28 በመቶ ያህሉ፣ ከወንዶቹ ደግሞ 13 በመቶ ገደማው ባለ 28 ሚሊ ሜትር ኳስ የተገጠመላቸው ነበሩ። በክትትሉ ጊዜ ድጋሚ ቀዶ ሕክምና ያስፈለጋቸው ሴቶች 2.3፣ ወንዶች 1.9 በመቶ ናቸው። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ ሴትን ከቀዶ ሕክምና የሚያስቀር ግን በፍጹም አይደለም።

«ታዲያ ጉድጓዱን ይበልጥ አስፍቶ ትልቅ ጽዋ ማስገባት ነዋ!» የሚል ይኖራል። ይህ አደገኛ መንገድ ነው። የፊትና የኋላ አጥንት ይበላል፤ የጽዋው ጠርዝም በፊት በኩል ከአጥንቱ ወጥቶ ጭን የሚያነሳውን ጅማት ይፈገፍጋል። ምልክቱን ማወቅ ይጠቅማል፦ በእግር ሲሄዱ ደህና ሆኖ፣ መኪና ውስጥ ለመግባት ወይም አልጋ ላይ ለመውጣት እግር ሲነሳ ብሽሽት ላይ የሚወጋ ሕመም። ማደንዘዣ በጅማቱ ዙሪያ ተወግቶ ሕመሙ ለጊዜው ከጠፋ ምንጩ እዚያ ነው ማለት ነው። የውልቃት ስጋቱ ከፍ ላለ ሰው የተሻለው አማራጭ ትንሹ ኳስ በትልቅ የፕላስቲክ ኳስ ውስጥ የሚሽከረከርበት፣ ሁለት ጊዜ ተንቀሳቃሽ የሚባለው ዓይነት ነው።

የመጠን ነገር ምን ያህል እንደሚወስን በግልጽ የታየው የአጥንቱን ራስ ሳይቆርጡ ብረት በሚያለብሱበት ዘዴ ነው። ብረት ከብረት ሲፋተግ፣ በተለይ ትንሹ ኳስ በጽዋው ጠርዝ ላይ ሲጫን፣ የብረት ብናኝ በዙሪያው ያለውን ሥጋ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2015 በዚህ ዘዴ የሚገጠመው፣ በርሚንግሃም የሚባለው መገጣጠሚያ አምራች 46 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆኑትን መጠኖች ከገበያ አንስቶ ዕቃው ለሴቶች እንዳይገጠም አሳሰበ።

ሁለተኛው ጉዳይ የአጥንት ጥንካሬ ነው። ካረጡ በኋላ የብዙ ሴቶች የጭን አጥንት ግድግዳው ይሳሳል፣ የመቅኔው ቦይ ይሰፋል። ያለ አጥንት ሲሚንቶ፣ ማለትም ዘንጉን ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዝ ማጣበቂያ ሳይደረግ የሚገባ ዘንግ በመዶሻ ተመትቶ ሲሰካ እንዲህ ያለውን አጥንት ሊሰነጥቀው ይችላል። የመዶሻው ድምፅ ድንገት ከተለወጠ ወይም ዘንጉ ሳይታሰብ ጠለቅ ካለ ቀዶ ሐኪሙ ቆም ብሎ አጥንቱን ማየት፣ ስንጥቅ ካገኘም በሽቦ ማሰር አለበት። ስለዚህ በዕድሜ ለገፉና አጥንታቸው ለሳሳ ሴቶች በአጥንት ሲሚንቶ የሚያያዝ ዘንግ ይመረጣል። ሲሚንቶ ያረጀ ዘዴ ነው የሚለው ወሬ አያሳስትዎ።

ከልደት ጀምሮ ጎድጓዳው ጥልቀት የሌለው ዳሌም በሴቶች ላይ በብዙ እጥፍ ይበዛል። የጭን አጥንቱም ወደ ፊት የተጠመዘዘ ስለሚሆን ጽዋውና ዘንጉ ተናበው ካልተተከሉ ወይ ይወልቃል ወይ የእግር ርዝመት ይዛባል።

ወንዶች ደግሞ የራሳቸው ስጋት አላቸው። የመገጣጠሚያ ኢንፌክሽን ይበዛባቸዋል፤ በጡንቻ ውስጥ አጥንት ማብቀልም እንዲሁ። ፕሮስቴታቸው ያበጠ ከሆነ ከማደንዘዣ በኋላ ሽንት ሊያግዳቸው ስለሚችል አስቀድመው ይናገሩ።

ደምን በተመለከተ፣ ሴት ሄሞግሎቢኗ (ኦክስጅን ተሸካሚው የደም ክፍል) በዴሲ ሊትር 12 ግራም ከሆነ በተለመደው መለኪያ «ደህና ነው» ትባላለች። ነገር ግን ያላት ጠቅላላ የደም መጠን አነስተኛ ሆኖ ሳለ የሚፈሰው ደም ከወንዱ አያንስም። ከቀዶ ሕክምና በፊት ለሁለቱም 13ን መነሻ ማድረግና ብረት ካነሰ ሳምንታት ቀድሞ ማከም ተገቢ ነው። ኤስትሮጅን ያለው የወሊድ መከላከያ የምትወስድ ሴትም በደም መርጋት ስጋት ምክንያት ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት ስለማቋረጥ ሐኪሟን ታማክር።

ከሁሉ የሚያሳዝነው መዘግየቱ ነው። ሴቶች ወደ ቅየራ የሚመጡት በአብዛኛው ሕመሙ ጠንቶ፣ ጡንቻቸው ከስቶና ማነከስ ልማድ ከሆነባቸው በኋላ ነው። አቅሙ ተዳክሞ የገባ ሰው አዲሱ መገጣጠሚያ ያማረ ቢሆንም ቶሎ አይነሳም። ሕመሙ ሌሊት የሚቀሰቅስ ከሆነ፣ ካልሲ ማጥለቅም ካቃተ መጠበቁ ትርፍ የለውም።

ከመግባትዎ በፊት በራጅ ላይ የተለካውን የጽዋና የኳስ መጠን፣ ዘንጉ በሲሚንቶ ይሁን ያለ ሲሚንቶ እንደሚገባ ይጠይቁ። ሲወጡም የዕቃዎቹ ዓይነት፣ መጠንና መለያ ቁጥር የተለጠፈበትን ወረቀት ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ። ከ15 ዓመት በኋላ ሽፋኑን ብቻ መቀየር ቢያስፈልግ፣ ሐኪሙ የሚገጥመውን የሚያገኘው ከዚያ ወረቀት ነው።